የመምቻ ስሕተት ወይስ የዘመን ጥርስ? ሳንቲምን በሳይንስ ዐይን መመርመር

ድሬዳዋን የረገጠ ሰው በአልባሳትና በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች የታወቀውን የታይዋን ገበያ ሳያውቅ አይቀርም። እንበልና አንድ ወጣት ከአያቱ ሙዳይ ያገኛቸውን ሦስት ሳንቲሞች በመሐረብ ቋጥሮ ገዢ ፍለጋ ወደዚህ ገበያ መጣ። አንደኛው መልኩ እንደ መዳብ የቀላ የ1969 ዓ.ም. 10 ሳንቲም ነው። ሁለተኛው ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል የተሸነሸነ የንጉሡ ዘመን ስሙኒ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በጠርዙ ላይ እብጠት የመሰለ ነገር ያለበት 5 ሳንቲም ነው። አንዱ ተመልካች «አቦ፣ ይኼ እኮ መምቻው የተሳሳተበት ነው፤ ሦስቱም ቤት ያሠራሉ!» ይለዋል። ሌላው ደግሞ «ያረጀ ድንቡሎ ነው፤ ለአንጥረኛ በኪሎ ስጠው» ሲል ይመክረዋል።

ወጣቱ የማንን ምክር ይቀበል? የመጀመሪያውን ቢያምን በከንቱ ተስፋ ይንከራተታል፤ ምናልባትም ተመሳሳይ ሳንቲሞችን በውድ ገዝቶ ይከስራል። ሁለተኛውን ቢያምን ደግሞ ዳግም የማይገኝ ማስረጃ ቀልጦ ጌጥ ወይም ፍልቃቂ ብረት ሊሆን ይችላል። ደስ የሚለው ነገር ግን መልሱ በሁለቱም ሰዎች አፍ ሳይሆን በሳንቲሞቹ ላይ የተጻፈ መሆኑ ነው። ሳንቲም እንዴት እንደሚሠራና ብረት ሲፋቅ፣ ሲመታና በኬሚካል ሲነካ ምን እንደሚሆን ያወቀ ሰው ይህን ጽሑፍ ለማንበብ ብዙም አይቸገርም። የዚህ መጣጥፍ ዓላማም የዚህን ንባብ ፊደል ማስተዋወቅ ነው።

ሳንቲም እንዴት ይመታል?

የሳንቲም ሥራ የሚጀምረው ከረጅም የብረት ቅጠል ነው። መቁረጫ መሣሪያ ከቅጠሉ ላይ ክብ ክብ ቁራጮችን ይበሳል። እነዚህ ጽሑፍም ሆነ ምስል የሌላቸው ቁራጮች ጥሬ ክቦች ሊባሉ ይችላሉ። ጥሬ ክቦቹ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ እየተንከባለሉ ጠርዛቸው በጥቂቱ ከፍ እንዲል ይደረጋል፤ በእሳት ይለሰልሳሉ፤ ይታጠባሉ። በመጨረሻም በሁለት ማኅተሞች መካከል ይገባሉ። ማኅተም የምንለው እጅግ ከጠነከረ ብረት የተሠራና የሳንቲሙ ምስል በግልባጭና በጉድጓድ የተቀረጸበትን መሣሪያ ነው። ጥሬው ክብ በሚመታበት ቅጽበት ወደ ጎን እንዳይፈስ ዙሪያውን አቃፊ ቀለበት ይይዘዋል።

ከዚህ አሠራር ሁለት መሠረታዊ ሕጎች ይመነጫሉ። የመጀመሪያው፣ በማኅተሙ ላይ የጎደጎደው ነገር በሳንቲሙ ላይ ከፍ ብሎ ይወጣል የሚለው ነው። ማኅተሙ ሲሰነጠቅ በሳንቲሙ ላይ ከፍ ያለ መስመር ይታያል፤ ማኅተሙ ሲሸረፍ በሳንቲሙ ላይ እብጠት ይፈጠራል። ሳንቲሙ ራሱ በሚስማር ቢጫር ግን የሚገኘው የጎደጎደ ቦይ ሲሆን፣ የተገፋው ብረት በቦዩ ዳርና ዳር ተከምሮ ይታያል። ስለዚህ አንድን እንግዳ መስመር ያየ ሰው በቅድሚያ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ «ከፍ ያለ ነው ወይስ የጎደጎደ?» የሚል ነው።

ሁለተኛው ሕግ የቁስ አካል ጥበቃ ነው። ብረት ሲመታ ቅርጹን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። አቃፊው ቀለበት በቦታው ሳይኖር የተመታ ሳንቲም ወደ ጎን ሰፍቶ ይሳሳል፤ ክብደቱ ግን አይቀንስም። በፋይል የተሞረደ፣ በአሲድ የተበላ ወይም በአገልግሎት ያለቀ ሳንቲም ግን ክብደቱ ይጎድላል። በመሆኑም ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት የግራም መቶኛ ክፍል የሚያነብ ሚዛን ከብዙ ክርክር ይገላግላል።

ሦስቱ የስሕተት ምድቦች

እውነተኛ የመምቻ ስሕተቶች እንደ መነሻቸው በሦስት ይከፈላሉ፤ እነርሱም የጥሬው ክብ፣ የማኅተሙ እና የአመታቱ ስሕተቶች ናቸው።

ከጥሬው ክብ ስሕተቶች መካከል በብዛት የሚታወቀው የተነከሰ ሳንቲም ነው። መቁረጫው ቀድሞ በተበሳ ቀዳዳ ላይ ተደርቦ ሲያርፍ፣ አዲሱ ክብ ከአንድ ጎኑ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ክፍል ይጎድለዋል። ይህን በመቀስ ከተቆረጠ ወይም ከተሞረደ ሳንቲም የሚለዩት ሦስት ምልክቶች አሉ። አንደኛ፣ የንክሻው ጥምዝ ከሳንቲሙ ዙሪያ ጥምዝ ጋር ይመሳሰላል፤ ሁለቱንም የቆረጠው አንድ መሣሪያ ነውና። ሁለተኛ፣ በንክሻው ትይዩ ያለው ጠርዝ ደብዛዛ ይሆናል። ጠርዙ ከፍ እንዲል በሁለቱም ጎን እኩል መገፋት ሲኖርበት፣ በአንድ በኩል ተቃዋሚ ብረት ስለሌለ ትይዩው ሳይገፋ ይቀራል። ሦስተኛ፣ በንክሻው አጠገብ ያሉት ፊደላት ወደ ባዶው ቦታ ተስበው ይሳሳሉ። በኋላ የተቆረጠ ሳንቲም ላይ ግን ፊደላቱ ሙሉ እንደሆኑ ድንገት ይቋረጣሉ። ክብደቱም ይመሰክራል፤ ለምሳሌ 3 ግራም ሊመዝን የሚገባው ሳንቲም ከስፋቱ አንድ አሥረኛው ቢጎድል ወደ 2.7 ግራም ይወርዳል።

የማኅተም ስሕተቶች ደግሞ ስንጥቅ፣ ሽራፊና በቅባት መደፈን ናቸው። ቅባትና የብረት ብናኝ የማኅተሙን ፊደል ሲሞላው ያ ፊደል በሳንቲሙ ላይ ሳይወጣ ይቀራል፤ ቦታውም ለስላሳና ጭረት የሌለው ይሆናል። ሰው ፍቆ ያጠፋው ፊደል ግን የመሣሪያ ጭረትና የጎደጎደ ሜዳ ይተዋል። የማኅተሙ ጠርዝ ተሸርፎ ሲወድቅ በሳንቲሙ ጠርዝ ላይ ምስል የሌለው እብጠት ይፈጠራል። ብረቱ ወደዚያ ባዶ ቦታ ስለሚፈስ በሌላኛው ገጽ ትይዩ ቦታ ላይ ያለው ቅርጽ ደክሞ ይታያል። ሁለቱ ገጾች እንዲህ አንድ ላይ ሲመሰክሩ ጉዳዩ የመምቻ ስሕተት ስለመሆኑ ጠንካራ ማስረጃ ነው።

የተደረቡ ፊደላት ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። ማኅተሙ ራሱ ሲሠራ ምስሉ ሁለት ጊዜ በተዛነፈ ሁኔታ ካረፈበት፣ ከዚያ ማኅተም የወጡ ሳንቲሞች ሁሉ ጫፋቸው የተሰነጠቀ፣ ክብነታቸውንና ከፍታቸውን የጠበቁ ድርብ ፊደላት ይኖሯቸዋል። ይህ የሚፈለግ ዓይነት ነው። በሌላ በኩል ማኅተሙ ላልቶ በሚመታበት ጊዜ ቢንሸራተት፣ ፊደሉ በአንድ ጎኑ ተድጦ እንደ ደረጃ ያለ ጠፍጣፋ ጥላ ይተዋል። ይህኛው እጅግ የተለመደ ስለሆነ ሰብሳቢዎች ብዙም ዋጋ አይሰጡትም።

በአመታት ስሕተት ረገድ፣ ከመሐል ወጥቶ የተመታ ሳንቲም በአንድ ጎኑ ጨረቃ መሰል ባዶ ሜዳ ይኖረዋል፤ ይህም በሁለቱም ገጽ በተመሳሳይ ቦታ ይታያል። ከዚህ ይበልጥ የሚያስገርመው የመስተዋት ምስል ነው። ቀድሞ የተመታ ሳንቲም ከማኅተሙ ጋር ተጣብቆ ሲቀር፣ ቀጣዩን ራሱ እንደ ማኅተም ሆኖ ይመታዋል። ውጤቱም አንዱ ገጽ ትክክለኛ፣ ሌላው ደግሞ የጎደጎደና የተገለበጠ ምስል ያለው ሳንቲም ነው። ይህን በሞርሳ አስመስለው የሚሠሩ አሉ። ሁለት ሳንቲሞች ተደራርበው ሲጨመቁ ግን የተገለበጠው ምስል በነባሩ ምስል ላይ ተደርቦ ይቀራል፤ ጀርባውም በሞርሳው ጥርስ ተጨፍልቆ ይገኛል።

ከ2002 ዓ.ም. ቀን ጀምሮ የተመታው ባለ ሁለት መልክ 1 ብርም የራሱ ወጥመድ አለው። ወርቃማው መሐል እና ነጩ ቀለበት በአንድ ምት ስለሚመቱ፣ መሐሉ ተዛንፎ የገባበት እውነተኛ ስሕተት ላይ ምስሉ ሳይቋረጥ መጋጠሚያውን ያልፋል። በመዶሻ ተመትቶ መሐሉ የወጣ ቀለበት ግን የመጋጠሚያው ግድግዳ እንዳለ ሆኖ የመሣሪያ ጠባሳ ይታይበታል።

እርጅና ሥርዓት አለው

እንግሊዛዊው ጆን አርቻርድ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ ሁለት ነገሮች ሲፋተጉ የሚጠፋው ቁስ መጠን በጫናውና በተፋተጉበት ርቀት ልክ ይጨምራል፤ በቁሱ ጥንካሬ ልክ ደግሞ ይቀንሳል። ሳንቲም ከሳንቲም፣ ከኪስና ከጠረጴዛ ጋር ሲፋተግ ጫናውን የሚሸከሙት ከፍ ያሉት ክፍሎች ናቸው። ከዚህም የተነሣ እርጅና ሥርዓት አለው፤ በመጀመሪያ ከፍተኛው ቅርጽ፣ ቀጥሎ ዝቅ ያለው፣ በመጨረሻም ፊደላትና ጠርዝ ይፋቃሉ። ከፍተኛው የአንበሳው ጸጉር ደምቆ እያለ በጥልቀት ያለ አንድ ፊደል ብቻ ቢጠፋ፣ ያ ነገር እርጅና ሊሆን አይችልም፤ ሌላ ምክንያት ሊፈለግለት ይገባል።

አያቶቻችን ይህን ሥርዓት ቀድመው ያውቁት ነበር። ጠገራ ብር የሚባለው የማሪያ ትሬዛ ገንዘብ በገበያ ሲቀርብ፣ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ያሉት 9 ዕንቁዎች ተለይተው መታየታቸውን ያረጋግጡ ነበር። ትከሻው ከፍ ያለ ቦታ እንደመሆኑ ዕንቁዎቹ ቶሎ ይፋቃሉ፤ እነርሱ ከጠፉ ገንዘቡ አልቋል ማለት ነው። በጎኑ ላይ በላቲን የተጻፈው «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍም የሚያገለግለው ለውበት ብቻ አይደለም፤ ጠርዙን የሚሞርድ ሌባ ጽሑፉን ማበላሸቱ ስለማይቀር በቀላሉ ይያዛል።

እርጅናን ከደካማ አመታት መለየትም ያስፈልጋል። ምቱ ኀይል ሲያንሰው ብረቱ የማኅተሙን ጥልቅ ክፍል ሳይሞላ ይቀራል፤ ስለዚህ ልክ እንደ እርጅናው ከፍተኛው ቅርጽ ይጠፋል። ልዩነቱ በገጹ ላይ ነው። ደካማ አመታት የጥሬውን ክብ ሸካራ ገጽና የመጀመሪያ አንጸባራቂነት ይዞ ይቆያል፤ እርጅና ግን ገጹን አለስልሶ ያደበዝዘዋል።

የኬሚስትሪ ማታለያዎች

ቀለም ከሁሉ ይበልጥ ያሳስታል። የ1969 ዓ.ም. 5 እና 10 ሳንቲሞች የተሠሩት ከናስ ማለትም ከመዳብና ከዚንክ ቅልቅል ነው። ናስ በአሲድ ወይም ጨዋማ በሆነ እርጥበት ውስጥ ሲቆይ ዚንኩ ቀድሞ ይሟሟና መዳቡ በገጹ ላይ ይቀራል። ሳንቲሙም ይቀላል። ባለቤቱም በሌላ ብረት ላይ በስሕተት የተመታ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። በሎሚ ወይም በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ናስ ተመሳሳይ መልክ ይይዛል።

ተቃራኒውም አለ። መዳብን በዚንክ መለበጥ በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የሚታይ ሙከራ ነው፤ መዳቡ ብርማ መልክ ይይዛል፤ ቢሞቅ ደግሞ ዚንኩ ወደ ውስጥ ሰርጎ ወርቃማ ናስ ይሆናል። ስለዚህ መልክ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ወሳኙ ጥግግት ነው። ሳንቲሙን በአየር ከመዘንን በኋላ በክር አንጠልጥለን በውኃ ውስጥ ስንመዝነው፣ የሚቀንሰው ክብደት ይዘቱን ይነግረናል። የመዳብ ጥግግት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 8.96 ግራም፣ የንጹሕ ብር 10.5 ግራም፣ የአሉሚኒየም ደግሞ 2.7 ግራም ነው። ልባጥ ይህን ቁጥር ሊደብቅ አይችልም።

ማግኔትም ይረዳል። በኋለኞቹ ዓመታት የተመቱ ሳንቲሞቻችን ውስጣቸው ብረት ሆኖ ውጫቸው የተለበጠ ስለሆነ ማግኔት ይስባቸዋል፤ የቀድሞዎቹ የናስ ሳንቲሞች ግን አይሳቡም። በተለበጠ ሳንቲም ላይ ከፍ ባሉት ቦታዎች ብቻ ግራጫ ብረት ቢታይ እርጅና ነው።

ስሕተትም ጉዳትም ያልሆኑ ልዩነቶች

አንዳንድ እንግዳ መልኮች በዕቅድ የተደረጉ ናቸው። 1936 የሚል ቀን ያለበት የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ 25 ሳንቲም በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንዱ ሙሉ ክብ ሲሆን ሌላው ጠርዙ የተሸነሸነ ነው። ክቡ የመዳብ ስሙኒ ከብር ከተሠራው ሽልንግ ጋር በመጠን ስለሚቀራረብ፣ ሁለቱ እንዳይምታቱ ጠርዙ እንዲሸነሸን ተደረገ። እንግዲህ ሽንሸናው ሰው ያደረሰው ጉዳት ሳይሆን የማጭበርበር መከላከያ ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ገንዘቦች ላይ አንበሳው አንዳንዴ ግራ፣ አንዳንዴ ቀኝ የፊት እግሩን አንሥቶ መታየቱም የንድፍ ልዩነት ነው። በ1969ኞቹ ሳንቲሞች ላይ በአንበሳው አገጭ ጸጉር የሚታዩት ጥቃቅን ልዩነቶችም የተለያዩ መምቻ ቤቶች ማኅተሞች ምልክት ናቸው። የቀን ጉዳይም እንዲሁ ነው። ጠገራ ብር ንግሥቲቱ ከሞተችበት እ.ኤ.አ. ከ1780 በኋላ ያንኑ ቀን ይዞ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በሌሎች ከተሞች ተመትቷል። የ1936ቱ ሳንቲሞችም ቀኑ ሳይለወጥ ለዓመታት ተመትተዋል። ስለዚህ በሳንቲም ላይ የተጻፈ ቀን ሁልጊዜ የተመታበት ቀን አይደለም።

የግዕዝ ቁጥሮችም ሲፋቁ ያደናግራሉ። ፲፱፻፷፱ እና ፲፱፻፺፮ መሐላቸው ሲደበዝዝ ሊምታቱ ይችላሉ፤ «ቁጥር የጎደለው ሳንቲም» ከማለት በፊት ብርሃንን ከጎን አሳርፎ ቀሪውን የቁጥር ጥላ መፈለግ ያስፈልጋል። የሁለቱ ገጾች አቅጣጫም ሀገር ይለያል። ከጂቡቲ በሚመጣው የባቡር መስመር ላይ በ1895 ዓ.ም. ለተቆረቆረችው ድሬዳዋ የፈረንሳይ ገንዘብ እንግዳ አይደለም። የፈረንሳይ ፍራንክ ሳንቲሞች አንዱ ገጽ ቀጥ ሲል ሌላው በራሱ እንዲቆም ታስበው የተመቱ ናቸው። «የተዘቀዘቀ» ብሎ ለመወሰን ከራሱ ዓይነት ሳንቲሞች ጋር ማነጻጸር ግድ ነው።

በመዶሻ የተመቱ ገንዘቦች ደግሞ የተለየ መለኪያ ይሻሉ። እስከ 1879 ዓ.ም. የጨለንቆ ጦርነት ድረስ ሐረርን የገዙት አሚሮች ማሐለቅ የተባሉ ትናንሽ ገንዘቦችን ያስመቱ ነበር። አክሱምም ከንጉሥ እንዱቢስ ዘመን አንሥቶ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ገንዘብ አስመትታለች። በእጅ ሲመታ ከመሐል መውጣትና ክብነት መጉደል የተለመደ ነው፤ እንደ ስሕተት የሚቆጠር አይደለም።

የምርመራ ቅደም ተከተል

አንባቢ በቤቱ ሊከተለው የሚችለው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

1. ተመሳሳይ ዓይነትና ቀን ያለው ደኅና ሳንቲም ለማነጻጸሪያ ያዘጋጁ።
2. ሁለቱንም በትክክለኛ ሚዛን ይመዝኑ፤ ስፋታቸውንና ውፍረታቸውን ይለኩ።
3. ማግኔት ያስጠጉ።
4. በ5 ወይም በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር፣ ብርሃንን ከጎን እያሳረፉ፣ እንግዳው ምልክት ከፍ ያለ ወይም የጎደጎደ መሆኑን ይለዩ።
5. ሳንቲሙን ገልብጠው በትይዩ ቦታ ምን እንዳለ ይመልከቱ።
6. በመጨረሻ «ይህ ነገር በየትኛው የአሠራር ደረጃ ሊፈጠር ይችላል?» ብለው ይጠይቁ። የትኛውም ደረጃ ሊያስገኘው ካልቻለ ጉዳቱ ከመምቻ ቤት ውጭ የደረሰ ነው።

ማጠብ ማስረጃን ማጥፋት ነው

ከሁሉም በላይ ሳንቲምን በአመድ፣ በአሸዋ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና ፈትጎ ማጥራት አይገባም። መፈተግ የመጀመሪያውን ገጽ ስለሚያጠፋ ደካማ አመታትን ከእርጅና፣ የቅባት መደፈንን ከፍቀት የምንለይበትን ምልክት ይዞ ይሄዳል። በአንዳንድ የአክሱም የብርና የነሐስ ገንዘቦች ላይ በተመረጠ ቦታ ቀጭን የወርቅ ልባጥ አለ። ይህ በጥንታዊ ዓለም ገንዘቦች ዘንድ እጅግ ብርቅ የሆነ ጥበብ በአንድ የችኮላ ፍትጊያ ሊጠፋ ይችላል። እንዲህ ያሉ ጥንታዊ ገንዘቦች በቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚጠበቁ ስለሆኑ፣ ያገኛቸው ሰው ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ይኖርበታል እንጂ ለገበያ ማቅረብ የለበትም።

ወደ ወጣቱ እንመለስ። የቀላው 10 ሳንቲም ዚንኩ የተሟሟበት ናስ ነው፤ ይህም ጉዳት እንጂ ስሕተት አይደለም። የተሸነሸነው ስሙኒ በመንግሥት ውሳኔ የተደረገ ለውጥ ነው፤ የታሪክ ምስክር እንጂ ስሕተት አይደለም። እብጠት ያለበት 5 ሳንቲም ግን ተገልብጦ ሲታይ በትይዩው ያለው ቅርጽ ደክሟል፤ ክብደቱም ሙሉ ነው። እንግዲህ ይህ ከተሸረፈ ማኅተም የወጣ እውነተኛ የመምቻ ስሕተት ነው። ሁለቱም መካሪዎች ተሳስተዋል ማለት ነው፤ ሦስቱም ውድ አይደሉም፣ ሦስቱም ድንቡሎ አይደሉም።

ይህ ማለት ግን 5 ሳንቲሙ ቤት ያሠራል ማለት አይደለም። የስሕተት ሳንቲም ዋጋ የሚወሰነው በፈላጊው ብዛት ነው፤ እውነተኛ ሆኖ ፈላጊ የሌለው ብዙ አለ። ወጣቱ በእርግጠኝነት ያተረፈው ሌላ ነገር ነው። ከእንግዲህ በታይዋን ገበያ «ብርቅ ነው» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቀው ሰው ሲያጋጥመው ሳንቲሙን ገልብጦ ማየት ያውቃል። «አቅልጠው» የሚለውም ሲመጣ የአያቱን መሐረብ መልሶ ይቋጥራል።